የስለር ጎዳና ላይ ያለው ቤተ መጻሕፍት ለነጋዴውና ለታክሲ ባለንብረቱ ምን አለው?

በቼሪ ጎዳና ካሉት የአገራችን ምግብ ቤቶች ጥቂት ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ፣ 23ኛው መንገድና የስለር በሚገናኙበት ማዕዘን፣ በጡብ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት አለ። ብዙዎቻችን በፊቱ የምናልፈው ተሳፋሪ ወይም ዕቃ ጭነን ስለሆነ ገብተን አናውቅም። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ባለመግባታችን የሚቀርብንን ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) የሲያትል ቤተ መጻሕፍት በ1891 ሲከፈት የራሱ ቤት አልነበረውም። ከቦታ ቦታ ሲዛወር ቆይቶ (ሱቅ ተከራይቶ የሚያውቅ ይህን ይረዳዋል) የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት በነበሩት በሄንሪ የስለር መኖሪያ ቤት ገባ። በጥር 1901 መጀመሪያ ቤቱ ተቃጠለ። ከተረፉት መጻሕፍት የሚበዙት በዚያች ሌሊት አንባቢ ተውሷቸው በየቤቱ የነበሩት 5,000 ያህል ናቸው። በቀናት ውስጥ ባለጸጋው አንድሩ ካርኒጊ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ከስኮትላንድ የመጡ ስደተኛ፣ 200,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ። አዲሱ ሕንፃ በ1906 ተመረቀ።

የ23ኛው መንገድ ቅርንጫፍ በ1914 ሲከፈት የየስለርን ስም ይዞ ነበር። በ1965 አልፋ ካፓ አልፋ የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ማኅበር መጻሕፍት ለግሶ የጥቁሮችን ታሪክ ስብስብ አስጀመረ፤ ዛሬ ከ10,000 በላይ ሆኗል። በ1975 ስሙ ዳግላስ ትሩዝ ተባለ። ፍሬደሪክ ዳግላስ በባርነት ሳሉ ማንበብን በስውር የተማሩ ናቸው። ሶጆርነር ትሩዝ ግን ማንበብ ሳይችሉ ታሪካቸውን ለሌላ ሰው ነግረው አስጽፈዋል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ያሉት ወገን ይህን ልብ ይበል።

አሁን ወደ ጉዳያችን። በሲያትል የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም ንብረት ያለው ሁሉ ካርዱን በነፃ ያወጣል፤ ስለዚህ ቤቱ ከከተማው ውጭ የሆነ ነገር ግን ሲያትል የሚሠራ ባለታክሲም አይከለከልም። ቀን ሲያልፍ የሚከፈለው መቀጫ ከ2020 ጀምሮ ቀርቷል፤ የጠፋ መጽሐፍ ግን ያስከፍላል። ንግድ ለመክፈት ያሰበ ሰው ስለ ገበያው መረጃ የሚያፈላልግለት ባለሙያ ያገኛል።

ለዜግነት የሚዘጋጁ በተለይ ይጠንቀቁ። ማመልከቻቸውን ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያስገቡ ሰዎች የሚያጠኑት የቀድሞውን 100 ጥያቄ ሳይሆን 128 ነው፤ ከሚጠየቁት እስከ 20 ጥያቄ ውስጥ 12 መመለስ አለባቸው። በአሮጌ መጽሐፍ አጥንቶ መቅረብ ትልቅ ኪሳራ ነው። ዕድሜያቸው 55 የሞላና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖሩ ግን ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይችላሉ።

ለንባብ ሁለት እንጠቁም። የዲናው መንግሥቱ የ2007 ልብ ወለድ፣ «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ»፣ በዋሽንግተን ዲሲ ትንሽ ግሮሰሪ ስላለው ኢትዮጵያዊ ነው። ሰፈሩ ሲወደድና ደንበኛው ሲለወጥ ባለሱቁ የሚደርስበትን የ23ኛው መንገድ ነጋዴ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1983 ታትሞ ወዲያው የታገደው ይህ መጽሐፍ በ2025 በእንግሊዝኛ ወጥቷል፤ አባት በአማርኛ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ቢያነቡት በእንቁጣጣሽ ቡና ላይ የሚከራከሩበት አያጡም።

የአማርኛ መደርደሪያ አለ፤ የሚሰፋውም የሚጠበውም በተዋሹ ብዛት ነው። የፈለጉትን ካጡ «ይህን ግዙልን» ብለው ማመልከት ይቻላል። ካርድ ለማውጣት ሲሄዱ መታወቂያና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ።