የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ዐይን ሳያደክም እንዲነበብ

ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሲያነቡ የሚውሉ ሰዎች ዐይናቸው ይቃጠላል፣ ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ ጥፋቱን በዐይናቸው ወይም በዕድሜያቸው ያላክካሉ። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ኮምፒውተሩ ፊደሉን በሚያሳይበት መንገድ ላይ ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ሊስተካከል ይችላል።

ስክሪን ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የሚሳለውም በእነዚህ ነጥቦች ነው። ዊንዶውስ ምንም ማጉያ ካልተጨመረበት፣ መጠኑ 12 የሆነ ጽሑፍ 16 ፒክስል ከፍታ ይመደብለታል። መጠኑ 9 ከሆነ 12 ፒክስል ብቻ ያገኛል፤ ፊደሉ ራሱ የሚይዘው ደግሞ ከዚያ ከፊሉን ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ለእኛ ፊደል ግን ይጠበዋል። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት አናታቸው ላይ ባለች ትንሽ ጭረት ነው። ሙ እና ሚም የሚለዩት ቅጥያቸው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ፒክስሉ ሲያንስ እነዚህ ምልክቶች ይጠፋሉ፣ ወይም ከፊደሉ አካል ጋር ተጣብቀው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ያኔ አንባቢው ፊደሉን ማየቱን ትቶ ቃሉን ከዐረፍተ ነገሩ መገመት ይጀምራል። ስለዚህ ለአማርኛ የምንመርጠው መጠን ለእንግሊዝኛ ከምንመርጠው ከፍ ማለት አለበት።

ጽሑፍ ሲያንስባቸው ብዙዎች የሚያደርጉት ሬዞሉሽኑን፣ ማለትም ስክሪኑ የሚያሳየውን የፒክስል ብዛት፣ ዝቅ ማድረግ ነው። ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይህ ነው። 1920 በ1080 ፒክስል ያለው ሞኒተር 1280 በ720 እንዲያሳይ ሲታዘዝ፣ አንዱ ነጥብ በአንድ ተኩል ነጥብ ላይ መዘርጋት ይኖርበታል። ግማሽ ፒክስል ማብራት ስለማይቻል የፊደሉ ጠርዝ ግራጫ እየሆነ ይደበዝዛል። ፊደሉ አድጓል፣ ጥራቱ ግን ሄዷል። በየቢሮው ያሉት የቆዩ ባለ 19 ኢንች አራት ማዕዘን ሞኒተሮችም አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት ለ1280 በ1024 ነው፤ ወደ 1024 በ768 ሲወርዱ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ቅርጹም ይዛባል።

ትክክለኛው መንገድ ሬዞሉሽኑን በሞኒተሩ የተፈጥሮ ልክ ላይ ትቶ፣ ስኬል የሚባለውን ማጉያ ከፍ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ ውስጥ ሁለቱንም ያገኟቸዋል። ሬዞሉሽኑ «ሪኮመንድድ» የሚል የተጻፈበት ይሁን። ስኬሉን 125% ሲያደርጉት ያው መጠኑ 12 የሆነ ጽሑፍ 20 ፒክስል ያገኛል፤ 150% ሲሆን 24። ሁሉም ፒክስሎች ሥራ ላይ ስለሆኑ ፊደሉ ሳይደበዝዝ ያድጋል። ላፕቶፕ ላይ ይህ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕና ባለ 24 ኢንች ሞኒተር እኩል 1920 በ1080 ቢሆኑና ስኬላቸውም አንድ ቢሆን፣ የላፕቶፑ ፊደል በቁመቱ የሞኒተሩን 60 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጽሑፉ ጥላ ያለበት ወይም የሚንቀጠቀጥ ከመሰለ ኬብሉን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጫፍ ያለው ባለ 15 እግር ቪጂኤ ኬብል ምስሉን የሚያስተላልፈው በአናሎግ ስለሆነ በመንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት ካለው በእሱ ይቀይሩት። ከሌለው በሞኒተሩ ቁልፎች «ኦቶ አጀስት» የሚለውን ቢጫኑት ብዙ ጊዜ ይጠራል።

ዊንዶውስ ክሊርታይፕ የሚባል ማስተካከያም አለው። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ክሊርታይፕ ፊደሉን ሲስል እነዚህን ክፍሎች ለየብቻ ስለሚጠቀም ጠርዙ ይለሰልሳል። ስታርት ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጽፉ ማስተካከያው ይወጣል፤ የጽሑፍ ናሙናዎችን ደርድሮ ለዐይንዎ የሚሻለውን ያስመርጥዎታል።

ፎንትም ዋና ነገር ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ ቀጭንና ወፍራም ጭረቶች ያሉት፣ ወረቀት ላይ የሚያምር ፊደል ነው፤ ስክሪን ላይ ግን በተመሳሳይ መጠን ከሌሎች አንሶ ይታያል፣ ቀጫጭን ጭረቶቹም ይሳሳሉ። ለስክሪን ንባብ ኢብሪማን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እመርጣለሁ፤ ጭረታቸው እኩል ነው። ጽሑፍን በሙሉ ቦልድ ማድረግ ደግሞ አይረዳም። ኒያላና አቢሲኒካ ኤስአይኤል የራሳቸው ቦልድ ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ጭረቱን በግምት ያወፍረዋል፣ የፊደሉ ቀዳዳም ይደፈናል።

ወርድ ላይ ሲጽፉ ለማየት ብለው የፊደሉን መጠን አያሳድጉ፤ ሲታተም ገጹ ይበዛብዎታል። ታች ቀኝ ጥግ ያለውን ዙም ወደ 130% ወይም 150% ይግፉት፤ ሰነዱ አይለወጥም። ኢንተርኔት ላይ ኮንትሮልን ይዞ የመደመር ምልክቱን መጫን ገጹን ያሳድጋል፣ ኮንትሮልና ዜሮ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ፋየርፎክስ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ በፎንት ማስተካከያው ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል ብቻ የተለየ ፎንትና ዝቅተኛ መጠን መወሰን ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን ቋንቋቸው በኮዳቸው ውስጥ አማርኛ ተብሎ በተጠቀሰ ገጾች ላይ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ፣ መስኮት ከጀርባዎ ወይም ከሞኒተሩ ኋላ አይሁን፤ በጎንዎ ይሁን። የስክሪኑ ብራይትነስ ከክፍሉ ብርሃን ጋር ይመጣጠን። ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ለሁሉም አይስማማም፤ በተለይ አስቲግማቲዝም የሚባል የዐይን ችግር ላለባቸው ነጩ ፊደል ተበትኖ ይታያቸዋል። በብርሃን በሚሞላ ቢሮ ውስጥ ለረጅም ንባብ በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ይሻላል።

ዐርባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ማንበቢያ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዝላቸው ለመጽሐፍ ርቀት፣ ለ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞኒተሩ ግን ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ አንገት የሚሰገገው ለዚህ ነው። ዐይን ሲመረመሩ ከሞኒተሩ ያለዎትን ርቀት ለክተው ለመርማሪው በቁጥር ይንገሩት። ስክሪን ስናይ የምንርገበገበው በእጅጉ ስለሚቀንስ ዐይን ይደርቃል፤ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ማየት ያሳርፋል። ዕይታዎ በድንገት ከቀነሰ ወይም የብርሃን ብልጭታ ካዩ ግን ነገሩ የስክሪን አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት።

አማርኛ ድረ ገጽ ለምታዘጋጁ ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ አታስቀምጡ፤ ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ መመሪያ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የቀለም ንፅፅር ይጠይቃል። ለእንግሊዝኛ የተወሰነውን መጠን ገልብጣችሁ ለአማርኛው አትስጡ፤ 18 ፒክስልና ከዚያ በላይ አድርጉት፣ በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉለት። ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ አንድ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው፣ በቆየ ሞኒተር፣ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።