አውራዋ ስትደክም ቀፎው አይጥፋ

«አውራ እንደሌለው ንብ ተበተኑ» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን አባቶች አውራ የሚሏት ወንድ አይደለችም፤ የቀፎው ሁሉ እናት ናት። ስለዚህም ንግሥት ንብ ትባላለች። ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው። ሠራተኛዋ ንብ ደግሞ በአበባ ወቅት ዕድሜዋ ከ6 ሳምንት ብዙም አያልፍም። እንግዲህ እናቲቱ ከሞተች ወይም ካረጀች፣ የሚሞቱትን የሚተካ ልጅ የለም ማለት ነው። ቀፎው በጥቂት ወራት ውስጥ ባዶ ይቀራል።

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ፣ በማሻና በቦንጋ ዙሪያ ያላችሁ አንባቢዎች ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይነካችኋል። በአገራችሁ ቀፎ የሚሰቀለው ከረጅም ዛፍ ላይ ነው። በሸካ እንዲያውም ኮቦ በሚባለው የቆየ ልማድ ቤተሰቡ ቀፎ የሚሰቅልበት የራሱ የጫካ ድርሻ አለው። ነገር ግን ዛፍ ላይ ያለ ቀፎ የሚታየው ብዙ ጊዜ ማር ሲቆረጥ ብቻ ነው። ያውም በሌሊት፣ በችቦ። ንግሥቲቱ በነበልባሉ ብትቃጠል ወይም ከእንጀራው ጋር ብትወድቅ ማን ያያታል? ከዚያ በኋላ «ይህ ቀፎ ሰነፈ» ይባላል። ንቡ ግን አልሰነፈም፤ እናቱን አጣ እንጂ።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እወቁ

የደከመ ቀፎ ሁሉ ንግሥት ያጣ አይደለም። ጉንዳን ገብቶበት ይሆናል። ማሩ ሁሉ ተቆርጦበት ተርቦ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ማታ፣ ፊታችሁንና እጃችሁን ሸፍናችሁ፣ ጥቂት ጭስ ሰጥታችሁ እንጀራውን ተመልከቱ።

በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ አንድ አንድ ነጭ እንቁላል ካለ ንግሥቲቱ አለች። እንቁላል ኖሮ እጩ እዚህም እዚያም የተበታተነ ከሆነ አርጅታ ሊሆን ይችላል። እንቁላልም እጭም ከሌለ ምናልባት ሞታለች። በአንድ ቀዳዳ ሁለት ሦስት እንቁላል ካያችሁ ግን ነገሩ ከብዷል፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው መጣል ጀምረዋል። ከእነርሱ እንቁላል የሚወጣው ድንጉላ ንብ ነው፤ ድንጉላ ደግሞ ማር አይሠራም። እንዲህ ያለው ቀፎ አዲስ ንግሥት በቀላሉ አይቀበልም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ብርቱ ቀፎ መንጋ ለማውጣት ሲዘጋጅ የንግሥት ቤቶችን ይሠራል። የንግሥት ቤት ኦቾሎኒ ይመስላል፤ አፉን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል። ብዙ ማር ከሚሰጥ ቀፎ፣ የተከደነና ጫፉ ቡናማ የሆነውን አንዱን ምረጡ። ለባለቤቱም ሁለት ሦስት ተዉለት። በዙሪያው አውራ ጣት የሚያህል እንጀራ ጨምራችሁ በስለት ቁረጡት። አትገልብጡት፣ አታናውጡት፣ ብርድ አታስመቱት። ከዚያ ጫፉ ወደ ታች እንዳለ በደካማው ቀፎ እንጀራዎች መካከል በቀጭን እንጨት ደግፋችሁ አኑሩት።

አንድ ነገር አትርሱ። አሮጊቷ ንግሥት ካለች ከአንድ ቀን በፊት መውጣት አለባት። ሁለት ንግሥት በአንድ ቀፎ አይስማሙም።

የንግሥት ቤት ካልተገኘስ? በሽግግር ወይም በዘመናዊ ቀፎ የምታነቡ ከሆነ፣ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ እጭ ያለበት አንድ እንጀራ ከብርቱው ቀፎ አውጥታችሁ ስጡት። ንቦቹ ራሳቸው ንግሥት ያሳድጋሉ። ከእንቁላል እስከ ንግሥት 16 ቀን ነው።

ንቡ በጣም ካነሰ ደግሞ ንግሥት ብቻ አያድነውም፤ ከሌላ ቀፎ ጋር ይቀላቀል። ዘመናዊ ቀፎ ያላችሁ፣ አመሻሽ ላይ በታችኛውና በላይኛው ሣጥን መካከል አንድ ገጽ ጋዜጣ አንጥፉ፤ በመርፌ ጥቂት ቦታ ብሱት። ንቦቹ ወረቀቱን እየቀደዱ ሲገናኙ ሽታቸው ይመሳሰላል፤ ጠብ አይነሣም። ይህንንም ጋዜጣ አንብባችሁ ለጎረቤት ካስነበባችሁ በኋላ ለዚሁ ሥራ ልታውሉት ትችላላችሁ። እጩ እንደ ኖራ ነጥቶ የደረቀበትን ቀፎ ግን ከጤነኛው ጋር አትቀላቅሉ። በሽታ ነው።

ጊዜውን ቁጠሩ

አዲሲቱ ንግሥት ከወጣች በኋላ ከድንጉላ ንቦች ጋር ለመገናኘት ወደ ውጭ ትበራለች፤ እንቁላል እስክትጥል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ቀፎውን አትነካኩ። እንቁላሉ ሠራተኛ ንብ ለመሆን 21 ቀን ይፈልጋል። ያቺ ንብ አበባ ለመቅሰም እስክትወጣ ደግሞ 3 ሳምንት ያህል ትቆያለች። ሲደመር ሁለት ወር ገደማ ሆነ ማለት ነው።

ነጩን ማር የሚሰጠው የገተም ዛፍ በመጋቢትና በሚያዝያ ሲያብብ ቀፏችሁ ብርቱ ሆኖ እንዲጠብቀው ከፈለጋችሁ፣ ሥራው የሚጀመረው ግራዋ በሚያብብበት በጥር ነው። ገተም ካበበ በኋላ ቢሯሯጡ ምን ዋጋ አለው? ለልጆች ደብተርና ልብስ የታሰበው ማር አበባው ላይ ይቀራል።

እስከዚያው ደካማውን ቀፎ ደግፉት። የመግቢያውን ቀዳዳ አጥብቡለት። ከተራበ አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። የጉንዳን መንገድ ዝጉ።

ከሁሉም በላይ ግን ንግሥቲቱን ከመተካት አለመግደል ይቀላል። ማር ስትቆርጡ በነበልባል ፈንታ በጭስ ተጠቀሙ። እጭ ያለበትን እንጀራ አትንኩ፤ ለንቡም የሚበላውን ማር ተዉለት። ሁለት ሦስት ቀፎ ከዛፍ አውርዳችሁ በጓሮ፣ ከሰውና ከከብት መተላለፊያ ራቅ አድርጋችሁ ብታኖሩ የእናቲቱን ሁኔታ በየጊዜው ማየት ትችላላችሁ። የሚያያት ሰው ካለ፣ ቀፎው ባዶ ሳይሆን ይደረስለታል።