የሰብል ሞዴልና የስንዴ ምርት ግምት በኢትዮጵያ

የሰብል ሞዴል የአንድን ሰብል ዕድገት ከብቅለት እስከ ብስለት በየቀኑ በስሌት የሚከታተል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የአየር ጠባይ፣ የአፈር፣ የዝርያና የአስተራረስ መረጃ ተቀብሎ ከአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ሊገኝ እንደሚችል ይገምታል። ለስንዴ ከሚያገለግሉት መካከል በዲሳት ጥቅል ውስጥ ያለው ሴረስ፣ የአውስትራሊያው አፕሲም፣ የኔዘርላንዱ ዎፎስትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ያዘጋጀው አኳክሮፕ ይገኙበታል።

አስፈላጊነቱ

በኢትዮጵያ የምርት መጠን በዋናነት የሚታወቀው በናሙና ጥናት ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በተመረጡ ማሳዎች ላይ ትንሽ ቦታ ለክተው ያጭዳሉ፣ ወቅተውም ይመዝናሉ። በዚህ ዘዴ በ2013 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ወደ 1.9 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት በስንዴ ተሸፍኖ በአማካይ በሄክታር 30 ኩንታል ገደማ መገኘቱ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ውጤቱ የሚደርሰው ከአጨዳ በኋላ ነው። ስንዴ ከውጭ ይገዛ እንደሆነ፣ ዕርዳታም ለየትኛው ወረዳ ይዘጋጅ እንደሆነ ግን ቀደም ብሎ መወሰን አለበት፤ ግዢና ማጓጓዝ ወራት ይፈጃሉና። የሞዴል ዋና ጥቅም ሰብሉ ገና በማሳ ላይ እያለ ግምት መስጠቱ ነው።

አሠራሩ

ሞዴሉ በመጀመሪያ የዕለቱን ሙቀት ይደምራል። ለምሳሌ አንድ ዝርያ ለመድረስ 1,900 የዲግሪ-ቀን ድምር ያስፈልገዋል ቢባል፣ አማካይ ሙቀቱ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ደጋ 119 ቀን ገደማ ይወስድበታል፤ 19 ዲግሪ በሆነበት ስፍራ ግን 100 ቀን ይበቃዋል። ቶሎ የደረሰ ስንዴ ፍሬውን የሚሞላበት ጊዜ ስለሚያጥር ምርቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።

ቀጥሎ የውኃ ሒሳብ ይሠራል። ከዘነበው ዝናብ በጎርፍ የሄደው፣ ወደ ታች የሰረገውና የተነነው ተቀንሶ ለሥሩ የቀረው ይታወቃል። ውኃ ወይም ናይትሮጅን ካነሰ የዕለቱ ዕድገት በዚያው ልክ ይቀነሳል። በመጨረሻም ከጠቅላላው የተክል ክብደት ፍሬ የሚሆነው ድርሻ ይሰላል፤ በሄክታር 70 ኩንታል የደረቀ ተክል ከተገኘና የፍሬው ድርሻ 45 በመቶ ከሆነ፣ ምርቱ 31.5 ኩንታል ነው።

ወቅቱ ሳያልቅ ለመገመት እስከ ዛሬ የተመዘገበው የአየር ጠባይ ከገባ በኋላ ለቀሪዎቹ ቀናት ያለፉት ዓመታት መረጃ በየተራ ይሰጠዋል። የ30 ዓመት መረጃ ካለ 30 የተለያዩ ውጤቶች ይገኛሉ፤ መሐለኛው እንደ ግምት፣ ስፋታቸው እንደ እርግጠኝነት ልክ ይወሰዳል።

ከማሳ ወደ አካባቢ

የአካባቢ ግምት የማሳዎች ተራ አማካይ አይደለም። አንዱ ወረዳ 40,000 ሄክታር ላይ 35 ኩንታል፣ ሌላው 10,000 ሄክታር ላይ 20 ኩንታል ቢያገኙ ትክክለኛው አማካይ 27.5 ሳይሆን 32 ኩንታል ነው። ሞዴል የሚሰጠውም ከአንድ ሄክታር የሚገኘውን ምርት እንጂ የተዘራውን ስፋት አይደለም። ስፋቱ በሳተላይት ምስል ወይም በመስክ ቆጠራ መታወቅ አለበት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት የሚገልጸው የስንዴ ምርትና የአሜሪካ ግብርና መምሪያ ግምት በሰፊው ተለያይተዋል፤ እንዲህ ዓይነቱን ልዩነት ሞዴል ብቻውን ሊፈታው አይችልም።

መረጃውና ተቋማቱ

ከዘርፉ ተቋማት አንዳንዶቹ የሚገኙት በምሥራቅ አዲስ አበባ ነው። የዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ቢሮ በጉርድ ሾላ በኩል ባለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ግቢ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤትም በቦሌ ክፍለ ከተማ ይገኛል። ሞዴሉ ከኢትዮጵያ ዝርያዎች ጋር የሚስማማው ግን በመስክ ሙከራ ነው፤ ለዚህም በአርሲ የሚገኘው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ዋነኛው ነው።

የአየር ጠባይ መረጃ ከጣቢያዎች ይሰበሰባል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጣቢያ ለአካባቢው ያገለግላል፤ ለአርሲ ወይም ለባሌ ማሳ ግን አይበቃም። በጣቢያዎች መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የጣቢያና የሳተላይት መረጃን አጣምሮ አገሪቱን በ4 ኪሎ ሜትር ካሬዎች የሚከፍለው ኢናክትስ የተባለ ሥርዓት ተዘርግቷል።

ገደቦቹ

ብዙዎቹ ሞዴሎች በሽታን አያሰሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች በእጅጉ ጎድቷል፤ ዝናብን ብቻ የሚያይ ሞዴል ያን ዓመት ጥሩ ምርት ሊተነብይ ይችል ነበር። ስለዚህ የዋግ ዘር በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይ ሌላ ሥርዓት ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከብሪታንያ የሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር ተዘጋጅቷል። ሁለተኛው ችግር ውኃ የሚቋጥረው መረሬ አፈር ነው፤ የሥር መታፈን ካልተሰላ ግምቱ ከእውነተኛው ይበልጣል። ሦስተኛም፣ ሞዴሉ አረምንና የማዳበሪያ መዘግየትን ካላካተተ የሚያሳየው መሬቱ ሊሰጥ የሚችለውን እንጂ ገበሬው ጎተራ የሚገባውን አይሆንም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የምርት ክፍተት ይባላል።