በካታማራን አንድ ቀን፦ ከፕራስሊን ወደ ኩሪዩዝ

“ዋና አልችልም፤ ታዲያ ባሕር ላይ ሄጄ ምን ልሠራ?” ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው የባሕር ጉዞ ሲነሣለት ቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቢሆንም በሲሸልስ ደሴቶች መካከል በካታማራን የሚደረገው የአንድ ቀን ጉዞ ዋና የማይችል ሰውም ጠግቦ የሚውልበት ነው፤ ጀልባዋ እንዴት ያለች እንደሆነች፣ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍና ውኃው ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ካወቀ።

ከጀልባዋ እንጀምር። ካታማራን ሁለት ረዣዥምና ቀጫጭን አካላት ጎን ለጎን ሆነው ከላይ በአንድ ሰፊ ወለል የተጋጠሙባት ጀልባ ናት። ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሚያገለግሉት ብዙውን ጊዜ 12 ሜትር ያህል ርዝመትና 6 ወይም 7 ሜትር ስፋት አላቸው። ቁም ነገሩ ስፋቱ ላይ ነው። ባለ አንድ አካል የሸራ ጀልባ ነፋስ ሲመታት ወደ ጎን ታጋድላለች፤ እንዳትገለበጥ የሚይዛት ከሆዷ ሥር የተገጠመው ከባድ ብረት ነው። ካታማራን ግን እግሩን አንፈራጦ እንደቆመ ሰው በስፋቷ ብቻ ሚዛኗን ትጠብቃለች። ስለዚህ ሸራዋ ተዘርግቶ እየሄደች እንኳ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ባለበት ይቆያል፤ ሕፃንም አዛውንትም ሳይንገዳገዱ ወለሉ ላይ መራመድ ይችላሉ። ከፊት ለፊት፣ በሁለቱ አካላት መካከል፣ ጠንካራ መረብ ተወጥሯል። ሰው እዚያ ላይ ጋደም ብሎ ከሥሩ የሚያልፈውን ባሕር እያየ ይሄዳል።

ያ ከባድ ብረት አለመኖሩ ሌላም ጥቅም አለው። ጀልባዋ ውኃ ውስጥ የምትገባው ከ1 ሜትር ብዙም ሳይበልጥ ስለሆነ ሌላው የሸራ ጀልባ ርቆ መልሕቅ ከሚጥልበት አልፋ ወደ ዳርቻው ትጠጋለች። በኮራል የተከበበ ጥልቀት የሌለው ባሕር ባለበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንከን የላትም ማለት ግን አይደለም። አጫጭር ሞገድ ሲበዛ ሁለቱ አካላቷ በየተራ እየተነሡ ስለሚያርፉ ጀልባዋ ትናጣለች፤ ወለሏንም ከሥር ውኃ በኃይል ይመታዋል። ከዋናው ደሴት ከማሄ ወደ ፕራስሊን በአንድ ሰዓት ገደማ የምታደርሰው ፈጣን መርከብም ካታማራን ናት፤ ነፋስ በበረታበት ወር በእሷ የሄደ ብዙ ሰው አስመልሶታል። በተጨማሪም ካታማራን አንዴ ከተገለበጠች ራሷን መልሳ አታቀናም። በቀን ጉዞ ላይ ይህ እንዳይደርስ ጥንቃቄው የካፒቴኑ ነው፤ ነፋሱ ሲጠነክር ሸራውን ያሳጥራል ወይም ጠቅልሎ በሞተር ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሸራ ሳይዘረጋ ቢያልፍ ቅር አይበልዎ፤ ካፒቴኑ የሚበጀውን አይቶ ነው።

አሁን ወደ ቦታው። ሲሸልስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ 1500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የ115 ደሴቶች አገር ናት። ብዙ የውቅያኖስ ደሴቶች ከእሳተ ገሞራ ወይም ከኮራል የተሠሩ ሲሆኑ ማሄ፣ ፕራስሊን፣ ላ ዲግና ጎረቤቶቻቸው ግን የግራናይት ድንጋይ ናቸው። ሕንድና ማዳጋስካር ሲላቀቁ በመካከል የቀረ የጥንት አህጉር ቁራጭ ነው፤ ድንጋዩ 750 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በፎቶግራፍ የምናያቸው ትልልቅ፣ ለስላሳና ክብ ቋጥኞች እነዚህ ናቸው።

ኩሪዩዝ የምትባለው ደሴት ከፕራስሊን በስተሰሜን ናት፤ በመካከላቸው ያለው ጠባብ ሰርጥ ብቻ ነው። ደሴቷና ዙሪያዋ ያለው ባሕር ከ1979 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ የተጠበቀ የባሕር ፓርክ ነው። የተለመደው የቀን ጉዞ ከፕራስሊን ተነሥቶ ኩሪዩዝ ላይ ያሳርፋል፣ ሳን ፒየር በምትባል ትንሽ ቋጥኝ ዙሪያ ያዋኛል፣ ጊዜ ካለ ደግሞ ወደ አንስ ላዚዮ የባሕር ዳርቻ ጎራ ይላል። መነሻው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ መመለሻው 10 ሰዓት ገደማ ነው። ሲሸልስ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት እንደምትቀድም ልብ ይበሉ፤ ሰዓቱን ሳያስተካክል ቀርቶ ጀልባ ያመለጠው እንግዳ ይኖራል።

የሚሄዱበት ወር ከጀልባዋ ምቾት በላይ ቀኑን ይወስነዋል። ሲሸልስ ለምድር ወገብ በጣም ቅርብ ስለሆነች ዋናዎቹ ደሴቶች አውሎ ነፋስ ከሚመታው ቀጠና ውጭ ናቸው፤ ነፋሱ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራል። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ በርትቶ ይነፍሳል፤ አየሩ ደረቅ፣ ባሕሩ የሚናወጥ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምዕራብ እየነፈሰ ዝናብና ሙቀት ያመጣል። በመካከል፣ ሚያዝያ ላይና በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ፣ ነፋሱ ያርፋል፤ ውኃውም ወለል ብሎ ይታያል። ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ያን ጊዜ ይሂዱ። ካልሆነም መውጫ አለ፤ አንዱ ዳርቻ ሲናወጥ ተቃራኒው ይረጋጋል። አንስ ላዚዮ ለምሳሌ ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስላዞረ በሐምሌ ጸጥ ያለ ሲሆን በጥር ግን ሞገድ ይመታዋል። ካፒቴኑ ጠዋት ዕቅዱን ቢለውጥ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኩሪዩዝ ላይ ሲደርሱ ካታማራኗ ትንሽ ራቅ ብላ ትቆምና ሰው በትንሽ የላስቲክ ጀልባ ወደ አሸዋው ይሻገራል። እስከ ጉልበት ውኃ ውስጥ መውረድ አለ፤ ስለዚህ ሱሪ ሊጠቀለል የሚችል፣ ጫማም ውኃ የማይጎዳው ይሁን። እንደ ወረዱ የሚቀበሉዎት ግዙፎቹ የአልዳብራ ኤሊዎች ናቸው። በመቶ የሚቆጠሩ በነጻነት ይዘዋወራሉ፤ ትልቁ ወንድ 250 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። አንዱን አንገቱ ሥር በእጅ ቀስ አድርገው ሲያኩት የሚያደርገው ነገር ሊታይ የሚገባው ነው፤ አራት እግሩን አጽንቶ ይቆማል፣ አንገቱን እስከ መጨረሻው ይመዝዛል፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይጠብቃል። በዱር ወፎች ጥገኛ ተባይ እንዲለቅሙለት የሚያደርገው ነውና እጅዎን እንደ ወፍ ቆጥሮታል። ጀርባው ላይ መቀመጥ ግን ነውር ነው፤ እንስሳውንም ይጎዳል።

ከዚያ በማንግሮቭ ዛፎች መካከል በእንጨት በተሠራ መተላለፊያ አልፎ ወደ ደቡቡ ዳርቻ፣ አንስ ሳን ዦዜ፣ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ። መድረሻው ላይ በ1870ዎቹ የተሠራ የሐኪም ቤት ቆሟል። ብዙ ጎብኚ ፎቶ አንሥቶ ያልፈዋል፤ ለእኛ ሰው ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል እላለሁ። ኩሪዩዝ ከ1833 ጀምሮ በሥጋ ደዌ የተያዙ ሰዎች ከቤተሰብ ተለይተው የሚኖሩባት ደሴት ነበረች፤ ቤቱም ለእነሱ የተመደበው ሐኪም መኖሪያ ነው። ጣቢያው የተዘጋው በ1965 ሲሆን በዚያው ዓመት ነው አዲስ አበባ ላይ አለርት የተባለው ማዕከል የተመሠረተው፤ ሕመምተኛውን ከማራቅ ይልቅ ማከምንና መልሶ ማቋቋምን ለመላው አፍሪካ ሐኪሞች ለማስተማር። ዛሬ ሰው ለመዝናናት የሚመጣበት ይህ አሸዋ ለብዙዎች ወደ ቤት የማይመለሱበት ዳርቻ ነበር።

ምሳው ብዙ ጊዜ እዚሁ ዳርቻ ወይም ጀልባዋ ላይ ይቀርባል፤ በከሰል የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ የፓፓያ ሰላጣ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ። የሚጾም ሰው ቦታ ሲይዝ አስቀድሞ ቢናገር አይቸገርም፤ ምስሩም ሩዙም ፍራፍሬውም ከአገሬው ምግብ የማይጠፋ ነው። ቅቤና እንቁላል እንዳይገባ በግልጽ ይንገሩ፤ “ሥጋ አልበላም” ማለት ብቻውን አያስረዳም። ቢራና ሩም ካለም ከዋና በኋላ ይሁን።

ሳን ፒየር ላይ ማረፊያ የለም። ጥቂት ዘንባባዎች የበቀሉባት የግራናይት ክምር ናት፤ የሚታየው ሁሉ ከውኃ በታች ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገውም እዚህ ነው። ውኃው በጣም ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። የላንጋኖ ሐይቅ ቡናማ ስለሆነ ጥልቀቱን ማንም በዓይን አይለካውም፤ ይፈራዋል። የሳን ፒየር ባሕር ግን እስከ ወለሉ ስለሚያሳይ፣ ብርሃንም ውኃ ውስጥ ሲገባ ስለሚታጠፍ፣ ወለሉ ከእውነተኛው ቦታ ቀርቦ ይታያል። 4 ሜትር የሆነው 3 ሜትር ይመስላል፤ “እግሬ ይደርሳል” ብሎ የወረደ ሰው አይደርስለትም። ዋና የማይችል ሰው ይህን በዓይኑ መለካት የለበትም፤ ካፒቴኑን ይጠይቅ።

በሌላ በኩል የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ከሐይቅ ውኃ የበለጠ ያንሳፍፋል። ላይፍ ጃኬት ያሰረ ሰው ምንም ሳያደርግ ይንሳፈፋል። እንግዲህ ዋና የማይችል ሰው ማድረግ ያለበት ይህ ነው፤ ገና ከመነሣት በፊት “ዋና አልችልም” ብሎ ለሠራተኞቹ መናገር። ማፈር አያስፈልግም፤ በየቀኑ የሚሰሙት ነው። ላይፍ ጃኬቱ ልክ መሆኑን በትከሻው በኩል ወደ ላይ ስቦ ይፈትን፤ እስከ ጆሮ ከወጣ ሰፍቷል። ከዚያ በኋለኛው መሰላል ወርዶ፣ የመሰላሉን ብረት እንደያዘ፣ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ብቻ ውኃ ውስጥ ያስገባ። በስኖርክል (በአፍ በሚያዘው የመተንፈሻ ቱቦ) መተንፈስ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ አፍንጫ ተዘግቶ በአፍ ብቻ መተንፈስ ሰውነት ያልለመደው ነገር ስለሆነ። ቀስ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ ማውጣት ነው መፍትሔው። ትንፋሹ ሲረጋጋ ዓሣዎቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ወደ ላይ ሲመለስ ደግሞ መሰላሉ ከሞገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላልና ሲወርድ ጨብጦ ሲነሣ አብሮ መነሣት ነው።

ለሚችሉትም አንድ ነገር፤ ብቻ አይዋኙ። በስኖርክል ላይ ሳለ የሚዳከም ሰው አይጮኽም፣ እጁን አያወራጭም፤ ፊቱን ደፍቶ ዓሣ የሚያይ ይመስላል። ሁለት ሁለት ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው ቀና ብሎ መተያየት ሕይወት ያድናል።

ከሥር የሚታየውን ኮራል በተመለከተ እውነቱን ማወቅ ይሻላል። በ1998 ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ በእነዚህ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ሕያው ኮራል አብዛኛው ነጥቶ ሞተ፤ በ2016 ደግሞ የተረፈውና ያገገመው እንደገና ተመታ። ስለዚህ በማስታወቂያ የሚያዩት ባለ ብዙ ቀለም የአትክልት ቦታ በየቦታው የለም። ያለው በግራናይቱ ላይ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ኮራል፣ የሚያምር የዓሣ መንጋ፣ አንዳንዴም የባሕር ኤሊ ነው። ያገገመው እንዲኖር ደግሞ ኮራሉ ላይ አለመቆም፣ ምንም አለመንካት፣ ቆዳን በክሬም ብቻ ከመሸፈን ይልቅ ረዥም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ መልበስ ይረዳል። ጀርባ ፀሐይ እያቃጠለው እንደሆነ ውኃው ስለሚያቀዘቅዘው አይታወቅም። ጠቆር ያለ ቆዳም ይቃጠላል፤ ማታ ነው የሚሰማው።

ሻርክስ? በ2011 ነሐሴ አንስ ላዚዮ ላይ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጎብኚዎች በሻርክ ተነክሰው ሞተዋል። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ ያለ አደጋ በአገሪቱ ለአሥርተ ዓመታት አልደረሰም ነበር። ስለዚህ ይበልጥ መፍራት ያለብዎ ከካፒቴኑ ምልክት ርቆ መዋኘትን፣ ሞገድ በበዛበት ዳርቻ መግባትንና እሾሃማውን የባሕር ጃርት በባዶ እግር መርገጥን ነው።

ባሕር የሚያስመልሰው ሰው መድኃኒቱን ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ይውሰድ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረው በኋላ ብዙም አይረዳም። ከመነሣት በፊት ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፣ ባዶ ሆድም አይሁን።

ክፍያ ሲስማሙ የፓርኩ መግቢያ፣ ምሳው፣ የስኖርክል ዕቃው፣ ከሆቴል መውሰጃው በዋጋው ውስጥ መኖራቸውን አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ ስንት ሰው እንደሚጫንም ጭምር። ለልጆች ልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬት መኖሩን በዓይንዎ ሳያዩ አይሳፈሩ። ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ፤ ሲሸልስ ሲገባ ይጠየቃል።