ሁሉም 1780 የሚል ብር

የዋግዋ ሰቆጣ የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ የመጣው አሞሌ ተራራውን ወጥቶ ዋግ ሲደርስ፣ ለዝርዝሩ ግብይት አሞሌው ራሱ፣ ለትልቁ ሒሳብ ደግሞ ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር ያገለግል ነበር። ሀብት የሚቀመጠው፣ ጥሎሽ የሚጣለው በጠገራ ነው። ዛሬም ጆሮ ተበጅቶለት በአንገት ማተብ ላይ የተንጠለጠለ ወይም በአያት ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ማርትሬዛ አይታጣም።

በፊቱ ላይ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ፣ በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ። ንግሥቲቱ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩም ላይ የተጻፈው ይኸው ዓመት ነው። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ግን ብሩ መልኩንም ዓመቱንም ሳይለውጥ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ተመታ። ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ መቱት፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃም ተከተሉ። ስለዚህ ዓመቱን አንብቦ የብሩን ዕድሜ አውቃለሁ ማለት አይቻልም። መነሻውን የሚናገሩት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው።

ከንግሥቲቱ ምስል ሥር ያሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ ሾብልና ፋቢ የተባሉ የገንዘብ መምቻው ሁለት ሹማምንት ስም መጀመሪያ ናቸው። የሠሩት ዛሬ በጀርመን ባቫሪያ ውስጥ በምትገኘው በጉንዝቡርግ ከተማ ነበር። ገበያችን የለመደው የእነሱን ምት በመሆኑ፣ ሌሎቹ ከተሞችም እነዚያኑ ፊደላት ሳይለውጡ ቀረጹ። እያንዳንዱ ቀራጭ ግን ቅርጹን በእጁ እንደገና ሲቀርጽ የራሱን ልማድ ትቶ ያልፋል። በንስሩ ጅራት ላይ ያሉት ላባዎች ቁጥርና አሰካክ፣ በትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ክብነቱ ወይም ሞላላነቱ፣ በእሱና በፀጉር ማሰሪያው ላይ የተደረደሩት ዕንቁዎች፣ በፊደላቱ መካከል ያሉት ነጥቦች ርቀት፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ያለችው የተጋደመች መስቀል፣ ሁሉም ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ይለያያሉ። ሰብሳቢው በማጉያ መነጽር የሚያያቸው እነዚህን ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ተቀርጿል። በአሸዋ ቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብር ይህን ጠርዝ አጥርቶ ማውጣት ይከብደዋል። ትክክለኛው 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 833ው ንጹሕ ብር ነው።

ይህን ምርመራ የጀመሩት የአውሮፓ ሰብሳቢዎች አይደሉም። ዕንቁዎቹን በጣቱ እየዳበሰ፣ ያለቀውንና የደበዘዘውን ብር አልቀበልም ብሎ የሚመልሰው የእኛው ገበያተኛ ነበር። የእሱ አስተዋይነት መንግሥታትን አዟል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒዬር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲዘምት ሠራዊቱ እህልና ከብት የሚገዛው በዚህ ብር ብቻ ስለነበር፣ እንግሊዞች ቪየናን ጠይቀው አዲስ አስመቱ። የዘመቻው መንገድ በአሸንጌ አድርጎ የዋግንና የላስታን ምድር ነክቶ አልፏል። ያኔ የአገሩ ጌታ ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ፤ ከቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት። በዚያ መንገድ ዳር በሚገኝ አሮጌ ቤት የሚወጣ የቪየና ብር ከዚያ ዘመቻ የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ይህ ሊሆን መቻሉ ብቻውን እያንዳንዱን ብር ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመቱ። በብሩ ላይ የተቀረጸው አንበሳ በአንዳንዱ ላይ ግራ፣ በአንዳንዱ ላይ ቀኝ የፊት እግሩን ስለሚያነሣ ሰብሳቢዎች በዚህ ይለዩታል። ሕዝቡ ግን ማርትሬዛን አልተወም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሮሙ ምት ነው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የብሩን ማኅተም ከቪየና አስመጥቶ፣ ሊወር ባሰበው አገር ገበያ የሚታመነውን ገንዘብ በሚሊዮን አስመታ። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን የመሰሉ የዋግ አርበኞች የሞቱለት መሬት በዚህ ብር ሊገዛ ታስቦ ነበር። ተጠርጎና ተወልውሎ የሚያብረቀርቅ ብር ሁሉ ክቡር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ ሊያውቅ ይገባዋል።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከገበያ መውጣት ጀመረ፤ ብዙው በአንጥረኞች ቤት ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ። የውጭ ሰብሳቢዎች ጆሮ የተበየደበትን ብር «የተበላሸ» ብለው ዋጋውን ይቀንሱታል። በዚህ አልስማማም፤ ጆሮው ብሩ ከገንዘብነት ወደ ጌጥነት የተሻገረበት ምስክር ነውና መነቀል የለበትም። በአመድም ሆነ በአሸዋ አይታሽ፤ ፊደላቱንና ዕንቁዎቹን ይበላቸዋል። ያለው ሰው ክብደቱን ይመዝን፣ የንስሩን ጅራት ቀረብ አድርጎ ፎቶ ያንሣ፣ ከማን እንደወረሰውና ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ በወረቀት ጽፎ አብሮ ያስቀምጥ። ከአገር ማውጣት ካሰበ ደግሞ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መኖሩን አይርሳና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ይጠይቅ።