በፎገራ ሩዝ ሥር የሚኖሩት

ክረምት ሲጠነክር የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ከጣና በስተምሥራቅ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ያን ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ ወረታ አካባቢ ሲደርስ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ውሃ የቋጠረ የሩዝ ማሳ ያያል። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ውሃ አያሳልፍም። ሌላውን ሰብል ሲያበሰብስ የኖረው ይህ ጠባዩ ለሩዝ ተስማማው።

የሩዙ ታሪክ በአካባቢው የታወቀ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት አስተዋወቁት፤ ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያችው ጅግና ነው። ዛሬ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ፎገራ ውስጥ ነው። ከሩዙ ሥር፣ በጭቃው ውስጥ ያለው ሕይወት ግን ከሩዙ ባላነሰ ሊታወቅ ይገባዋል።

አፈር በውሃ ሲሸፈን በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ባክቴሪያዎች በአንድ ቀን ግፋ ቢል በጥቂት ቀናት ተንፍሰው ይጨርሱታል። ሕይወት በዚህ አያበቃም። ኦክስጅን ሲያልቅ ናይትሬትን የሚተነፍሱ ይነሣሉ። ናይትሬቱ ሲመናመን ተራው የማንጋኒዝ፣ ከዚያ የብረት ይሆናል፤ ዝገት ሆኖ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የኖረው ብረት የሚሟሟው ያኔ ነው። ቀጥሎ ሰልፌት ይመጣል፣ ጭቃውም የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሁሉም ሲሟጠጥ የመጨረሻዎቹ፣ ሚቴን ሠሪዎቹ ይነግሣሉ።

እነዚህ ባክቴሪያ አይደሉም፤ አርኬያ ይባላሉ። አሜሪካዊው ካርል ዎዝና ባልደረባው ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 የዘር መረጃቸውን ሲመረምሩ ከባክቴሪያም ከእኛም ወገን የተለየ ሦስተኛ የሕይወት ዘርፍ ሆነው አገኟቸው። ሥራቸው ግን ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር ረግረጉን በዱላ እያማሰለ የሚወጣውን አረፋ ሰብስቦ በእሳት አቀጣጥሎት ነበር። በነሐሴ የፎገራን ማሳ በባዶ እግሩ የሚያርም ሰው ከእግሩ ሥር የሚንቦቀቦቀው አረፋም በውስጡ ይኸው ጋዝ አለበት።

ከጭቃው የሚወጣው ሚቴን አብዛኛው ግን በአረፋ አይደለም፤ በራሱ በሩዙ በኩል ነው። የሩዝ አገዳና ሥር ውስጡ ባዶ መተላለፊያ ስላለው ተክሉ ከላይ ኦክስጅን ወደ ሥሩ ያወርዳል፣ ሚቴኑም በዚያው መንገድ ወደ አየር ይወጣል። ሥሩ ከሚያፈስሰው ኦክስጅን አጠገብ ደግሞ ሚቴን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ሰፍረው ከሚያልፈው ላይ ድርሻቸውን ያስቀራሉ። ሩዝ ሲነቀል በሥሩ ላይ የሚታየው የዝገት ቀለም ኦክስጅን እስከዚያ ድረስ መውረዱን ይመሰክራል።

ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ሙቀት ይይዛል። በሰው ሥራ ሳቢያ ወደ አየር ከሚገባው ሚቴን ከ100 እጅ 8 ያህሉ ከሩዝ ማሳ የሚወጣ ነው። ለዚህ ተወቃሹ የፎገራ ገበሬ አይደለም፤ ዋናው መጠን የሚመጣው ከሰፊዎቹ የእስያ ማሳዎች ነው። በእስያ ብዙ ቦታ ገለባው እዚያው ታርሶ ከጭቃው ጋር ይደባለቃል፣ ለአርኬያዎቹም ድግስ ይሆናል። በፎገራ ገለባው ተሰብስቦ ለከብት ይከመራል። ያም ሆኖ ጉዳዩ አይዘጋም፤ የእነዚሁ አርኬያዎች ዘመዶች በፎገራ በሬ ጨጓራ ውስጥም ይኖራሉና ከገለባው ከፊሉ በግሣት ሚቴን ሆኖ ይወጣል።

በቅርብ ዓመታት ከተሰሙት ግኝቶች ሁሉ አስደናቂው ከዴንማርክ የመጣው ነው። የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ማግኘታቸውን አሳወቁ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው የሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ክር ይሠራሉ፤ ከታች፣ ኦክስጅን ከሌለበት ጭቃ፣ ከሰልፋይድ የወሰዱትን ኤሌክትሮን ላይኛው ጫፍ ላይ ላለው ኦክስጅን ያቀብላሉ። በዚህ መካከል ሰልፋይዱ መልሶ ሰልፌት ይሆናል። ሰልፌት ካለ ሰልፌት ተንፋሾቹ ምግቡን ስለሚሻሙ ሚቴን ሠሪዎቹ ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት እነዚህ ባክቴሪያዎች በተጨመሩበት፣ ሩዝ በተተከለበት ዕቃ የሚቴኑ ልቀት በ93 ከመቶ ቀነሰ። ውጤቱ የተገኘው በዕቃ ውስጥ ነው፤ ከዕቃ እስከ ማሳ መንገዱ ረጅም ነው።

ለገበሬው የቀረበው ዘዴ ቀላል ነው፦ ማሳውን በየመካከሉ ማጠንፈፍ። ፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት ያስፋፋው ዘዴ የተበሳሳ ቱቦ ማሳው ውስጥ መቅበር ነው፤ በቱቦው ውስጥ የሚታየው ውሃ ከመሬት በታች 15 ሴንቲሜትር ሲደርስ ብቻ ማሳው እንደገና ውሃ ይጠጣል። አየር ሲገባ ሚቴን ሠሪዎቹ ሥራ ያቆማሉ። አይሞቱም፤ የፎገራ መሬት ሽምብራና ጓያ ተዘርቶበት በሚሰነጣጠቅባቸው ወራት እንኳ እንዲህ ያሉ አርኬያዎች አፈር ውስጥ ይቆያሉ። መታወቅ ያለበት፣ ማድረቅና ማርጠብ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ሌላ ሙቀት ያዥ ጋዝ ሊጨምር ይችላል።

ጭቃውን ማወቅ ለኪስም ይረዳል። ዩሪያ ውሃ ላይ ሲበተን ከፊሉ በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ይተናል፤ ኦክስጅን ባለበት ስሱ የላይኛው ንብርብር ናይትሬት የሆነውም ወደ ታች ሲወርድ ናይትሬት ተንፋሾቹ ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል። በውድ የተገዛው ማዳበሪያ ለሩዙ ሳይደርስ ይጠፋል። ወደ አፈሩ ጠለቅ ብሎ ሲገባ ብክነቱ ይቀንሳል።

በክረምት ውሃውን የሚያዘው ሰማይና ወንዝ ስለሆነ ማጠንፈፍ ለፎገራ ከባድ ነው። በበጋ በርብ መስኖ በሚለማ ማሳ ግን ቦዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ነው። የሩዝ ማዕከሉና የአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ማሳ ላይ ምርቱን፣ የሚቆጠበውን ውሃና የሚወጣውን ጋዝ አብረው ቢለኩ ውጤቱ በቀጥታ ለፎገራ ገበሬ ይደርሳል።