የደጋ ሞተር፦ ለማሽን የሚሆን ሰርቮ እንዴት ይመረጣል?

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ያለ የእንጨት ሥራ ቤት በኮምፒውተር የሚታዘዝ የመቅረጫ ማሽን (ሲኤንሲ) ሊገዛ ሲነሳ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞተሩን ዋት ነው። ዋት ግን ብቻውን ያሳስታል። በደቂቃ 3000 ዙር የሚዞር የ750 ዋት ሰርቮ ሞተር ቶርኩ (የማዞር ጉልበቱ) 2.4 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ለ2000 ዙር የተሠራው ባለ 1 ኪሎዋት ግን 4.8 ይደርሳል። ዋቱ በሲሶ ቢበልጥ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ።

ቶርክ ሁለት ዓይነት ነው። መደበኛው ሞተሩ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ነው፤ ከፍተኛው ማሽኑ ሲነሳና ሲቆም ለአፍታ የሚያወጣው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የመደበኛው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ርካሹ የሞተር ዓይነት፣ ስቴፐር፣ ፍጥነት ሲጨምር ይደክማል፤ ጭነት ሲበዛበት እርምጃ ይዘላል፤ ኢንኮደር (የዙሩን ቦታ የሚለካ መሣሪያ) ከሌለው መዝለሉንም አያውቅም። ሰርቮ ግን በኢንኮደሩ አማካይነት ስህተቱን ያርማል።

ባለ 17 ቢት ኢንኮደር አንዱን ዙር 131,072 ቦታ ይከፍለዋል። የሞተሩን ዙር ወደ ቀጥታ ጉዞ በሚቀይርና በዙር 5 ሚሊሜትር በሚሄድ ቦል ስክሪው ላይ አንዱ ክፍል ከማይክሮን እጅግ ያነሰ ነው። የስክሪው ልቅነት ከዚያ ስለሚበልጥ፣ ለተጨማሪ ቢት ከመክፈል ስክሪውን ማሻሻል ያዋጣል።

መብራት ሲቆራረጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው አክሲስ ሞተሩ ፍሬን ከሌለው በክብደቱ ሊወርድ ይችላል። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው የድራይቩ ቮልቴጅም መታየት አለበት፤ ለ200 ቮልት መደብ የተሠራውን ከእኛ ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ጋር በቀጥታ ማገናኘት ማቃጠል ነው።

እንጅባራና ዳንግላ ላሉበት ለአዊ ዞን የሚለየው ከፍታው ነው። በሞተሩ ሰሌዳ የተጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ላለ ቦታ ነው። ዳንግላ ከ2100፣ እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ናቸው። የሳሳ አየር የሞተሩን ሙቀት በደንብ አይወስድም። ከ1000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀነስ በሚለው የተለመደ ግምት፣ 2.4 የተባለው እንጅባራ ላይ ወደ 2.0 ይጠጋል። የደጋው ብርድ ከጠፋው ላይ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ድራይቩ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከታፈነ ግን ብርዱ አይደርሰውም። ስለዚህ ገዢው ከዋጋው በፊት የቶርክና የፍጥነት ሥዕሉን፣ ከአጠገቡም የከፍታ ቅናሹን ሠንጠረዥ ይጠይቅ።